ባል በጥቅል ሚዛን ላይ

መስከረም 20

ለወንድሜ ሚስት፤

ጤና ይስጥልኝ። እግዚአብሔር ቤትሽን ይባርክ፣ ጓዳሽን ይሙላ። ጓዳሽን ይሙላ ያልኩት ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም፤ ባዶ መሆኑን ስለደረስኩበት ነው። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ።

ስልክ ላይ አንገናኝም ያልኩትን ቃሌን ጠብቄአለሁ። ወንድሜ «ሁለታችሁ ስልክ ላይ ስትያዙ የምታመመው እኔ ነኝ፤ ከፈለጋችሁ ተጻጻፉ፣ ወረቀት አይጮኽም» ብሎ ስለለመነኝ ነው እንጂ ላንቺ ብዬ አይደለም። ለእሱ እሁድ እሁድ እደውላለሁ። «ደህና ነኝ እትዬ» ይለኛል። «በላህ?» ስለው «በላሁ» ይለኛል። ከዚያ ወዲያ ቃል የለውም። እኔም ሞኟ አምኜ ስልኬን እዘጋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ግን አብሮት የሚሠራው ሾፌር ፎቶ ላከልኝ። «ይህ ሽማግሌ ማነው?» ብዬ ልጠይቀው ስል ጆሮውን አየሁ። ጆሮው የወንድሜ ነው። የቀረው የማን እንደሆነ አንቺ ንገሪኝ። ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን በጀርባው አዝሎ አራተኛ ፎቅ የሚያወጣ፣ ሰፈር ሁሉ «ክሬን» ብሎ የሚጠራው ሰው፣ ሱሪውን በገመድ ሸብ አድርጎ ወንበር ላይ ተጣጥፏል። ክንዱ የመጥረጊያ እንጨት አክሏል።

እኔ በቀን ለስድስት መቶ ሰው ምሳ የማወጣ የፋብሪካ ምግብ አብሳይ ነኝ። ሰላም እንኳ የማይለኝ ሁሉ እኔ ዘንድ ጠግቦ፣ አፉን ጠርጎ ይወጣል። የእናቴ ልጅ ግን አንቺ ዘንድ ተቀምጦ ያልቃል። ካንሰር እንዳለበት አውቃለሁ፤ አላበድኩም። ነገር ግን ካንሰሩ ያለው ቆሽቱ ላይ ነው ብላችሁኛል። ቆሽት ያለው ሆድ ውስጥ ነው። ክንዱን ማን በላው? ጭኑንስ?

ስለዚህ ጠዋት ምን፣ ቀን ምን፣ ማታ ምን እንደምታበዪው አንድም ሳትደብቂ ጽፈሽ ላኪልኝ። የዓመት ፈቃዴ ታኅሣሥ አሥር ይጀምራል። ያን ጊዜ መጥቼ ድስትሽን ራሴ እከፍታለሁ።

የባልሽ ታላቅ እህት


ጥቅምት 3

ለተከበሩ እትዬ፤

እንደምን ሰነበቱ? ለጉልበትዎ እግዚአብሔር የምላስዎን ያህል ብርታት ይስጥልን። ጓዳችን እንዲሞላ ስለመረቁን እናመሰግናለን፤ ምርቃቱ ሲደርስ ጓዳው ሞልቶ ስለነበር ለጊዜው ደጅ አስቀምጠነዋል።

ባዘዙኝ መሠረት ዝርዝሩን አቀርባለሁ። ጠዋት ሁለት እንቁላል፤ አንዱን ይበላል፣ አንዱን ያየዋል። ረፋድ ላይ ወተት በማር። ቀን የዶሮ ሾርባ፤ አምስት ማንኪያ በሰላም ይገባል፣ ስድስተኛውን ስዘረጋ የገዛ ባሌ ግብር አስከፋይ እንደመጣበት ሰው ያየኛል። ማታ ሩዝ ወይም የተቀቀለ ድንች በቅቤ። በየመሃሉ ሙዝ። የተረፈውን እኔ እበላለሁ፤ ለዚህም ማስረጃ ቀሚሴ አልዘጋ ብሏል። «እሱን አስርባ እሷ ወፈረች» ለማለት ከፈለጉ መንገዱን ጠርጌልዎታለሁ።

«ክንዱን ማን በላው?» ብለዋል። እኔም ሐኪሙን የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እርስዎና እኔ የተስማማንበት ጥያቄ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሐኪሙ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና አስረዳን። ዕጢው ያለው ቆሽቱ ላይ ነው፤ ግን አርፎ አይቀመጥም። በደሙ በኩል ለመላው ሰውነት የተሳሳተ ትእዛዝ ይልካል፤ ሰውነቱም ትእዛዙን ሰምቶ የገዛ ጡንቻውን እያፈረሰ ያነዳዋል። «በር ላይ ማገዶ ተከምሮ ሳለ ወንበሩንና አልጋውን እየሰበረ የሚያነድ ቤት በሉት» አለ። ስሙንም ጻፈልኝ፤ ካኬክሲያ ይባላል። ረሃብ አይደለም። የተራበ ሰው ሲበላ ይመለሳል፤ ይኼኛው ቢበላም የፈረሰው ጡንቻ እንደ ድሮው አይመለስም። ትንሽ ትንሽ፣ የሚወደውን፣ ሳታስገድዱ፤ አቅም ባለው ቀን ደግሞ ክፍል ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይበል አለን።

ወንድምዎ ሠላሳ ዓመት የሰው ዕቃ ሲያጓጉዝ የኖረ ሰው አይደል? «ዕቃ የሚሰብር ሠራተኛ እኔ ጋ አንድ ቀን አያድርም ነበር» አለ። ሐኪሙ ሳቀ። ባለቤቴም ሰው በማሳቁ ደስ ብሎት ሊነሳ ሲል ከወንበሩ መነሳት አቃተው። ክርኑን ይዤ አነሳሁት። ሐኪሙ ያን ጊዜ ወረቀት የሚፈልግ መስሎ መሳቢያ ከፈተ።

በሠርጋችን ቀን «ይህች ቀጭን ምን ልታበላው ነው?» ብለው ለአክስትዎ ሹክ ያሉትን እስከ በሩ ድረስ የሰማነው ብዙ ነን። እስካሁን መልስ እየፈለጉ መሆኑን አላወቅኩም ነበር።

የወንድምዎ ሚስት፣ ቀጭኗ


ጥቅምት 14

ለጥቅል መዛኟ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ በፈለግሽበት ደጅ አስቀምጪው።

ማገዶ፣ ወንበር፣ አልጋ የሚለውን ሳነብ መድኃኒቱ በጀርባው ተጽፎ ይሆናል ብዬ ወረቀቱን ገለበጥኩት። ባዶ ነው። እኔ ሐኪም ይዛችሁ ነበር የመሰለኝ፤ ለካ ተረት ነጋሪ ነው የያዛችሁት።

«ሳታስገድዱ» አለ? እናታችን ስትሞት ወንድሜ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። አልበላም ብሎ አፉን ገጥሞ ሲቀመጥ አፍንጫውን ይዤ፣ ሲተነፍስ ማንኪያዋን አስገብቼ ነው ያሳደግኩት። እኔ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ቁም ሳጥን የተሸከመው ጀርባ በዚያ ማንኪያ የተሠራ ነው። አሁን ጎኑ ተቀምጠሽ «አንዱን ይበላል፣ አንዱን ያየዋል» ትይኛለሽ። እንቁላል የሚታየው ሲኒማ ቤት ነው እንዴ?

በካርቶን የዱቄት ወተት፣ የኦቾሎኒ ቅቤና የአጃ ዱቄት ልኬልሻለሁ። በየሁለት ሰዓቱ ይበላል። ተኝቶ ከሆነ ይቀሰቀሳል።

ሌላው፦ ሥራሽ ፖስታ ቤት ሚዛን ላይ አይደለም? የማንም ሰው ጫማና ብርድ ልብስ ስትመዝኚ ትውያለሽ። እስቲ ወንድሜን መዝኚልኝ። በየሳምንቱ፣ በመሥሪያ ቤትሽ ማኅተም። ያለ ማኅተም የላክሽውን ቁጥር እኔ አላምንም። ከአክስታችን ጋር ተነጋግረናል፤ ፀሐይ የሚገባው ሰፊ ክፍል አላት። ኪሎው ካልጨመረ ታኅሣሥ ስመጣ ካንቺ ቤት አውጥቼ እዚያ አስተኝቼ እኔው አበላዋለሁ። ምክር አይደለም፤ ማስታወቂያ ነው።

የባልሽ ታላቅ እህት


ጥቅምት 28

ለተከበሩ እትዬ፣ የወተትና የማኅተም የበላይ ኃላፊ፤

ሰላምዎ ይብዛ። ካርቶንዎ ደርሷል፤ ሰባት ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም። እኔው አስረክቤ እኔው ተረክቤአለሁ።

ፕሮግራምዎን አራት ቀን በሥራ ላይ አዋልነው። በመጀመሪያው ቀን በላ። በሁለተኛው ቀን ለእርስዎ ሲል በላ። በሦስተኛው ቀን የማንኪያ ድምፅ ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በአራተኛው ቀን የበላውን ሁሉ መለሰው፤ ልብሱም አልጋውም ተበላሸ፤ ከዚያም «ይቅርታ» አለኝ። በትዳራችን ይቅርታ ያለኝ ሦስት ጊዜ ነው። የመኪናውን በር ጣቴ ላይ ሲዘጋ፣ እናቴን «ወፍራም» ሲል፣ አሁን ደግሞ የአጃ ሾርባ ሆዱ ውስጥ ስላልቆየ። ፕሮግራምዎን ያን ዕለት አቋርጬዋለሁ። ለአክስትዎም ያሳውቁ።

ወደ ሚዛኑ ልምጣ። ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ሾፌሩ ደግፎ ጥቅል ክፍል አመጣልኝ። ለጆንያ የሚሆን መሬት ላይ የተቀመጠ ሰፊ ሚዛን አለን። ሹማችን ግን ሕግ አክባሪ ሰው ነው። «ለሰው የሚመታ ማኅተም የለንም፤ ማኅተም ከፈለግሽ ፎርም ይሞላ» አለ። ሞላን። ላኪ፦ ሚስት። ተቀባይ፦ የባል እህት። ይዘት የሚለው ላይ ተከራከርን። እኔ «ባል» ብዬ ጻፍኩ፤ ሹሙ መነጽሩን ከፍ አድርጎ «ያገለገለ ዕቃ ከሚለው ጋር ይግባ» አለ። ወንድምዎ ደግሞ ሚዛኑ ላይ ቆሞ «ተሰባሪ የሚለውን ቀይ ወረቀት ግንባሬ ላይ ለጥፉልኝ፤ እትዬ እንዳትወረውረኝ» ሲል ተሰልፎ የነበረው ሕዝብ ሁሉ በሳቅ ሞተ።

ክብደት፦ ስልሳ ስምንት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም። ደህና ሳለ ዘጠና አራት ነበር።

ማኅተሙን ቁጥሩን እያየሁ ስለመታሁት ጠርዙ ደብዝዟል። ሐሰተኛ ነው ካሉ ለሹሙ ይጻፉ።

የወንድምዎ ሚስት


ኅዳር 8

ቆሽቴ አረረ ልል ብዕሬን አነሳሁና ቃሉ አፌ ውስጥ ቀረ። በወንድሜ ላይ የደረሰው ደግሞ አባባሌን እንኳ ነጠቀኝ።

ስልሳ ስምንት! ሃያ ስድስት ኪሎ የት ገባ? ሃያ ስድስት ኪሎ እኮ የአንድ ትምህርት ቤት ልጅ ክብደት ነው። ከቤትሽ አንድ ልጅ ጠፍቶ ቢሆን ፖሊስ ትጠሪ ነበር። አንቺ ግን ፎርም ሞልተሽ፣ ማኅተም መትተሽ፣ ሕዝብ አስቀሽበት ላክሽልኝ። መዝኚው አልኩሽ እንጂ መጫወቻ አድርጊው አላልኩሽም።

ይህን ደብዳቤ ለራሱም አንብቢለት። ታኅሣሥ አሥር እመጣለሁ። አክስታችን አልጋውን አንጥፋለች። ልብሱን አጣጥፈሽ በሻንጣ አድርገሽ ጠብቂኝ።


ኅዳር 22

ለተከበሩ እትዬ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታ፣ ከሰላምታም አስቀድሞ አራት ባለ ማኅተም ወረቀት። በእርጋታ ተቀምጠው፣ መነጽርዎን ጠርገው ያንብቧቸው።

የመጀመሪያው የኅዳር አንድ ነው፤ ስልሳ ሰባት ከአንድ መቶ። ይህን ደብቄብዎት ነበር፤ አሁን ስለማልፈራዎት ልኬዋለሁ። ኅዳር ስምንት፦ ስልሳ ዘጠኝ። ኅዳር አሥራ አምስት፦ ሰባ ከሁለት መቶ። የዛሬው፦ ሰባ አንድ ከሦስት መቶ! በእኔ ቤት፣ በእኔ ድስት፣ በእኔ ማንኪያ፣ ያለ አፍንጫ መያዝ።

ከመጠየቅዎ በፊት ልንገርዎት፤ ብርድ ስለገባ በሥራ ካፖርቱ ነው የሚመዘነው፤ ለካፖርቱ ሁለት ኪሎ ሙሉ ቀንሻለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሚዛን ላይ የቆመች ሴት በካፖርት አትታለልም።

ደብዳቤዎን እንዳዘዙኝ አነበብኩለት። ሻንጣ የሚለው ላይ ስደርስ «ድገሚልኝ» አለኝ። ደገምኩለት። ከዚያ ወዲህ ግን እግዚአብሔር ይመስገን የሚዛኑን ቀን የሚያስታውሰኝ እሱ ሆኗል። ፊቱ አሁንም የከሳ ይመስለኛል፤ ግን እኔ ምን አውቃለሁ፣ ማኅተሙ የሚለውን ማመን ነው እንጂ። ዱሮስ የማኅተም አማኝ እርስዎ አይደሉ?

ለአክስትዎ አልጋውን እንዲያነሱት ይንገሯቸው። አቧራ ይጠጣል።

የወንድምዎ ሚስት፣ አብሳይ ያልሆነችው


ታኅሣሥ 2

ለወንድሜ ሚስት፤

እንደምን አለሽ? ወረቀቶቹ ደርሰውኛል። ለምግብ ቤቱ ሰው ሁሉ እያዞርኩ አሳየሁ። ድስት አጣቢዋ ሳይቀር አየችው። «ይኸው፣ ሲገፋ ይሠራል» አልኳቸው። ተረት ነጋሪውን ሐኪም ብሰማ ኖሮ ወንድሜ ይኼኔ የት ይሆን ነበር? ድስቱ ያንቺ ይሁን፤ ቁጣው የእኔ ነው። ያለ ቁጣ ደግሞ ምግብ አይበስልም፤ ይህን ከሠላሳ ዓመት ሙያ በኋላ እነግርሻለሁ።

ለመታረቅ ብዬ እንዳይመስልሽ እንጂ ሰባ አንድን ሳይ ትንሽ አልቅሻለሁ። በሽንኩርቱ አመካኘሁ።

ታኅሣሥ አልመጣም። እየጨመረ ያለን ሰው መጥቼ ምን አደርገዋለሁ? ፈቃዴን የወጥ ሰሌዳ ለምትጽፈው ልጅ ለውጬላታለሁ፤ እሷ አሁን ትወጣለች፣ እኔ መጋቢት ላይ። መጋቢት ሰማንያ ገብቶ በእግሩ አውቶቡስ ጣቢያ እንዲቀበለኝ እፈልጋለሁ። ሰማንያ። ጻፊው።

የባልሽ ታላቅ እህት


ታኅሣሥ 12

ሰላምታ የለም።

ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ቁጥሬን እያየሽ ዘጋሽው። ስለዚህ በፈጣን መልእክት ጽፌልሻለሁ፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

ማክሰኞ እንደ ልማዱ ሾፌሩ ደግፎ አመጣው። ሚዛኑ ላይ በሁለት እግሩ ቆመ። ቁጥሩ ሰባ አምስት ላይ ደረሰ። እኔ ካፖርቱን ቀንሼ ሰባ ሦስት ብዬ ስጽፍ፣ አንቺ ይህን ስታነቢ የምትሆኚውን እያሰብኩ ፈገግ ብዬ ነበር። ያን ጊዜ ጉልበቱ ከዳው። እንደ ሰው አልወደቀም፤ መደርደሪያው እንደ ተገነደሰ የብረታ ብረት ሱቅ ነው የወደቀው። ካፖርቱ ተከፈተና ብሎን፣ የበር ማጠፊያ፣ የአልጋ መገጣጠሚያ፣ የጋሪ ጎማ ወለሉን ሞላው። አንዲት አሮጊት ከሰልፉ ወጥተው ጎንበስ ብለው እየለቀሙ «ልጄ፣ ዕቃህ ፈሰሰብህ» ይሉታል። ሕዝቡ መሳቅ ጀምሮ ነበር። መነሳት እንዳቃተው ሲያይ ሰልፉን አፍርሶ ቀረበ።

የውስጥ ኪሶቹን የሰፋው ሾፌሩ ነው። ፎቶ ልኬ ነገር ያመጣሁት እኔ ነኝ ብሎ ሲያዝን፣ ወንድምሽ «እንግዲያው ካሰኝ» አለው። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጨምሩ ነበር፤ ድንገት ቢጨምር እጠረጥራለሁና። ብረቱን ለብቻው መዘንኩት፣ ሙያዬ ነው፤ አሥራ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። እሱን ለብቻው ሐኪም ቤት መዘኑት። ስልሳ አንድ ከስምንት መቶ። አጥንቱ አልተሰበረም።

«ምን ነካህ?» አልኩት። «ኪሎው ካልጨመረ ካንቺ ቤት አወጣዋለሁ አለችሽ አይደል? ኪሎ ከጨመርኩ አንቺን አትሰድብሽም፣ እኔንም ከቤቴ አታወጣኝም። እሷም ስድስት መቶ ሰውዋን በሰላም ታበላለች» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ «ሸክም እንደሆነ ሙያዬ ነው» ብሎ ቀለደ። አንድ ቁም ሳጥን በጀርባው የሚያወጣ ሰው፣ አሥራ አንድ ኪሎ ብረት ጥሎት ወለል ላይ ተዘርግቶ ነው የሚቀልደው።

አንቺን ልክሰስ ብዬ ነው የተቀመጥኩት፤ ክሱ ግን እየዞረ እኔ ላይ ይመጣል። ጥቅል ገና መስኮቱ ላይ ሳይቀመጥ ክብደቱን ከሰውየው ትከሻ የማውቅ ሴት ነኝ። በየጠዋቱ ብብቱ ውስጥ ገብቼ የማነሳው ሰው ከሳምንት ሳምንት እየቀለለኝ ሄደ። ክንዴ ያውቅ ነበር። ወረቀቱ «ጨመረ» ሲለኝ ክንዴን ትቼ ወረቀቱን አመንኩ። ለምን? አንቺን ስለሚያሸንፍልኝ። አራት ሳምንት ሙሉ ባሌን ሳይሆን ያንቺን ሽንፈት ነበር የምመዝነው።

ሐኪሙ «ዘመድ ካለው ይምጣ» አለ። «ወር አትቁጠሩ፤ ሳምንት ቁጠሩ።» የተናደው ጡንቻ የእጅና የእግር ብቻ አይደለም፤ የሚተነፍስበትም እየደከመ ነው አለ። ዛሬ ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ነው። ፈቃድሽን ባትለውጪ ኖሮ ይኼኔ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ትሰድቢኝ ነበር። አንቺ ግን መጋቢት ብለሻል። ሰማንያ ብለሻል።


ታኅሣሥ 20

ለወንድሜ ሚስት፤

ጤና ይስጥልኝ። አንቺ ብለሽኛል። አይቻለሁ። ዛሬ አልቆጣሽም፤ ቀጠሮ ይዤልሻለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ምሳ እየወጣ ነው። ጭልፋውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ሰልፉ ቆመ። አንዱ «እማማ፣ ድንቹ ይበርዳል» አለኝ። ጭልፋውን ለእሱ ሰጥቼው ወጣሁ። የፋብሪካው ነርስ ጋ ገብቼ «ወንድሜ ቆሽቱ ላይ ካንሰር ይዞት ክንዱ አለቀ፤ ባበላው አይመለስም ወይ?» አልኳት። ማገዶ አላለችም፣ ወንበር አላለችም። ግን ያንኑ ነው ያለችኝ። ሦስት ጊዜ በሦስት መንገድ ጠየቅኳት፤ ሦስቴም ያንኑ።

በሕይወቴ የማውቀው አንድ ነገር ነው። የደከመን ሰው አበላለሁ፣ ይነሳል። እንግዲህ እሱ ካልሠራ እኔ ምንድን ነኝ? አትመልሺልኝ።

ልጅቷ ትኬት ቆርጣ ስለነበር ፈቃዱን አልመለሰችልኝም። ኃላፊው «ያለ ፈቃድ ከሄድሽ ቦታሽን አልጠብቅም» አለኝ። ሠላሳ ዓመት ያበላሁት ሰው ነው። አትጠብቅ አልኩት። ጥር ስድስት፣ ከሰዓት በኋላ እደርሳለሁ። አክስታችን ጋ አላድርም፣ እሱንም የትም አልወስደውም።

ስልክ አንስቼ ነበር፤ ስታለቅስ ሰማኋት ብለሽ ዕድሜሽን ሙሉ እንዳትበዪኝ ተውኩት። ይልቅ አንድ ነገር ጻፊልኝ። ያን ልጅ አዝዬ ውኃ እቀዳ ነበር። ጀርባዬ እስከ ዛሬ ክብደቱን ያውቀዋል። አሁን ግን ልነካው ፈራሁ። ስይዘው ያመዋል? በምን በኩል ነው የሚያዘው?

እህቱ


ታኅሣሥ 26

ለተከበሩ እትዬ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። «አንቺ» ስላልኩዎት ይቅርታ እስክጠይቅ ይጠብቁ ይሆናል። ይጠብቁ።

ከመነሳትዎ በፊት እንዲደርስዎ ይህንንም በፈጣን ልኬዋለሁ።

ሲገቡ በር ላይ አይጩኹ። «ምን ሆነህ ነው?» አይበሉት፤ የሆነውን ያውቀዋል። ማልቀስ ካለብዎት ደረጃው ላይ ጨርሰው ይግቡ፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፣ እኔም እዚያው ነው የምጨርሰው። የምግብ ካርቶን አያምጡ። ማብሰል ከፈለጉ ያብስሉ፤ ሽታው የማይከብደው ቀን ሲሆን እነግርዎታለሁ። ሁለት ማንኪያ ቀምሶ «በቃኝ» ካለ በቃው ማለት ነው፤ ሦስተኛዋን እርስዎ ይጉረሷት።

አዎ፣ ያመዋል። ክንዱን ይዘው እንዳይስቡት፤ በክንዱ ላይ የሚያዝ ነገር የለም። ትከሻው ሥር እጅዎን እስከ ክርን ድረስ ያስገቡ፣ ራሱን ደረትዎ ላይ ያስደግፉ። ከወገቡ በታች አጥንቱ ቆዳውን ስለገፋው በየሁለት ሰዓቱ በጎን ይገለበጣል። በየሁለት ሰዓቱ የሚል ትእዛዝ ከእርስዎ ስለለመድን አይከብደንም። የሚነሳው ከሥሩ በተነጠፈ አንሶላ ነው፤ አንድ ሰው በትከሻ፣ አንድ ሰው በእግር በኩል። አንድ ሰው ብቻውን አይችልም፤ ሞክሬ ሁለታችንም ወለል ላይ ልናድር ነበር። እስካሁን ሁለተኛው ሰው ሾፌሩ ነበር፤ እሱ ደግሞ ቀን ቀን ሥራ አለው። ከጥር ስድስት ጀምሮ ሁለተኛዋ ሰው እርስዎ ነዎት። በትከሻ በኩል ይሁኑ፤ ፊቱን እንዲያዩት።

አንድ ችግር ግን ቀርቶ ነበር። ዕቃ ሲነሳ ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሁለት ሰው ካዘዘ ዕቃው ይወድቃል። እርስዎና እኔ ደግሞ አንዳችን ለሌላችን እንደማንታዘዝ ዓለም ያውቃል። ትናንት ደብዳቤዎን ሳነብለት ይህንኑ አነሳሁለትና ተጨነቅኩ። ዓይኑን ጨፍኖ ያሰበ መሰለኝ፤ ለካ እየሳቀ ነው።

«እኔ እቆጥራለሁ» አለ። «አንድ፣ ሁለት እላለሁ። ሦስት ስል ሁለቱም አፋቸውን ዘግተው ያነሳሉ። አንዷ ቃል ከተነፈሰች ከአንድ እጀምራለሁ።»

ልምምድ ጀምሯል።

የወንድምዎ ሚስት